ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ለሚመላለስ ሰው፦ ዋናውን መንገድ በጥንቃቄ ስለ መጠቀም

ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ ሥራ የሚውል ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሳሳተው መንገዱን ለሁለት ከፍሎ በማሰቡ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ጠመዝማዛ የሐረጎን ቁልቁለት ይፈራዋል፤ ከታች ያለውን ሜዳ፣ ፋብሪካዎቹ የተደረደሩበትን፣ ግን ይንቀዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ የወረደ ባለ ተሳቢ መኪና ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍሬኑ ገና እንደጋለ ነው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛም ስለ ቁልቁለቱ ማወቅ አለበት።

መንገዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ ደሴን አቋርጦ ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚገነጠለው ቅርንጫፍ ጣልያን በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ ወደብ ጋር ለማገናኘት የሠራው መስመር ነው፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ ጭነቱ ከጅቡቲ ይመጣል። ኮንቴይነር የጫነው መኪና፣ የቢራ ፋብሪካው ጭነት፣ የሠራተኛ ሰርቪስ፣ ባጃጅና ወደ ገበያ የሚነዱ ፍየሎች በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ከእርሱ በፊት የነበሩት የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ፈረቃ በሚቀይሩበት ሰዓት ደግሞ እግረኛው ይበዛል።

በሚኒባስ የሚሄዱ ከሆነ ከደሴ መናኸሪያ ከመነሣትዎ በፊት ትርፍ የጫነ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ፤ ትርፍ ከጫነ ይውረዱና ቀጣዩን ይጠብቁ። ረዳቱ ቢቆጣም አሥር ደቂቃ መዘግየት ይሻላል። ከዚያ በኋላ ዓይንዎን ሳይሆን ጆሮዎን ያሠሩ። መኪናው በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ያጓራል፤ ይህ ለለመደ ተሳፋሪ የደኅንነት ድምፅ ነው። ሞተሩ በድንገት ጸጥ ብሎ የጎማና የንፋስ ድምፅ ብቻ ከተሰማዎ ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ አስገብቷል ማለት ነው፤ መኪናውን የያዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም። አንድ ቀን ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ በማርሽ ያዝልን፤ እኛ አልቸኮልንም» ሲሉ ሹፌሩ አንድም ቃል ሳይመልስ ማርሹን አስገባ። እኔ ያን ያህል ጊዜ ተመላልሼ አንድ ቀን እንኳ አፌን ከፍቼ አላውቅም ነበር።

የራስዎን መኪና የሚነዱ ከሆነ ማርሹን የሚቀንሱት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ መኪናው ከተንደረደረ በኋላ አይደለም። ፍሬኑን ያለማቋረጥ በቀላሉ ረግጦ መውረድ ያግለዋል፤ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን መቀነስና እግርን ማንሣት፣ ሲፈጥን ደግሞ እንደገና መርገጥ ይሻላል። ከጭነት መኪና ኋላ ሲሆኑ ርቀትዎን በሴኮንድ ይለኩ፦ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 10 ሜትር ይጓዛልና፣ ሦስት ሴኮንድ ርቀት ማለት 30 ሜትር ነው። ከፊት ካለው መኪና የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሰንፋጭ ሽታ ከመጣ ወይም ከቸርኬው ዙሪያ ስስ ሰማያዊ ጭስ ካዩ፣ ከኋላው ይራቁ እንጂ ደርበው ለማለፍ አይሞክሩ። የእርስዎ ፍሬን ከጋለ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገው ይቁሙ፣ ታኮ ያድርጉ፣ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ውሃ መድፋት የጋለውን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል። ጠባብ ቦታ ላይ ለሚወጣው ቅድሚያ ይስጡ፤ ዳገት ላይ የቆመ ባለ ተሳቢን እንደገና ማስነሣት ከባድ ነው።

በክረምት ሐረጎን ጉም ይሸፍነዋል። ረጅም መብራት ጉሙ ላይ አርፎ ወደ ዓይንዎ ስለሚመለስ አጭሩን ያብሩ፤ ጥምዝ ላይ ክላክስ ያሰሙ። ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ አስፋልቱ ላይ ተጥሎ ካዩ ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነውና ወዲያው ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ይህን ምልክት ሁሉም ያውቀዋል። የባሰው ምልክት የሌለው ነው፤ የተበላሸው መኪና ተጠግኖ ሲሄድ ከጎማው ሥር ለታኮ የተደረገው ድንጋይ እዚያው ይቀራል። በመጀመሪያው ክረምቴ የጭንቅላት ያህል የሚሆን እንዲህ ያለ ድንጋይ የፊት ጎማዬን አፈንድቶብኝ በጉም ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ታኮ ያደረግሁትን ድንጋይ ከአስፋልቱ ሳላነሣ አልሄድም፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከሰርቪስ ወይም ከሚኒባስ ወርደው መንገድ የሚያቋርጡ ከሆነ በመኪናው ፊት አይለፉ። ያወረደዎ መኪና እስኪሄድ ቆመው ሁለቱም አቅጣጫ ሲገለጥልዎ ይሻገሩ። መጀመሪያ የሚመለከቱት ከደሴ በኩል የሚመጣውን ይሁን፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ቢመስልም፣ ሹፌሩ አይቶኛል ብለው ቢያስቡም፣ ማየቱና መቆም መቻሉ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስቡ። በተቃራኒው፣ ከአዲስ አበባ አቅጣጫ በሐርቡ በኩል የሚመጣው ፍሬኑ ያን ያህል አልተፈተነም፤ ሆኖም ረጅም ርቀት የነዳ የደከመ ሹፌር ሊሆን ይችላል። ተራ የሚጠብቁ የጭነት መኪናዎች ዳር ይዘው በሚቆሙበት ቦታ በሁለት መኪናዎች መካከል ብቅ ማለት በጣም አደገኛ ነው፤ ረድፉ እስኪያልቅ ይሂዱና ከጫፉ ይሻገሩ። ባጃጅ ውስጥ ከሆኑም በቀኝ በኩል ይውረዱ።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ይሞላል፤ በዚያ ሰዓት መንዳት የእግረኛ ያህል ፍጥነት ይጠይቃል። በረመዳን ደግሞ ከመግሪብ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሹፌሩም ባጃጁም እግረኛውም ለማፍጠር ይቸኩላል፣ ብርሃኑም በዚያው ጊዜ ይደክማል። ጥቁር የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው በዚህ ሰዓት ለሹፌር አይታይምና ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ነገር ጣል ያድርጉ፤ የስልክ መብራትም ቢሆን ወደ መሬት አድርገው ያብሩ።

ማታ ከፈረቃ ሲወጡ ሰርቪስ ካመለጠዎ ወደ ደሴ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ለመንጠላጠል ወይም በጨለማ ዳሩን ይዘው ለመሄድ አያስቡ። ሥራ በጀመሩበት ሳምንት ኮምቦልቻ ውስጥ ሊያሳድርዎ የሚችል ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ያነጋግሩ፣ ስልኩንም ይያዙ፣ ለቤተሰብዎም «ካልመጣሁ እዚያ ነኝ» ብለው አስቀድመው ይንገሩ።