ፎርኬ ሞኒተር ላይ ፊደሉ ብዥ ሲል

አንዲት ጓደኛዬ 27 ኢንች ፎርኬ ሞኒተር ገዝታ በሳምንቱ ደወለችልኝ። «ከድሮው የባሰ ነው፤ ዓይኔን አመመኝ» አለችኝ። ሥራዋ የአማርኛ ጽሑፍ ማረም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፊደል ላይ ነው የምትውለው። ሄጄ ሳየው ሞኒተሩ ደህና ነው። ፊደሉ ሲያንስባት ጊዜ ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም ምስሉ ወደ ጎንና ወደ ታች ስንት ነጥብ እንደሚኖረው የሚወስነውን ሴቲንግ፣ ወደ 2560 በ1440 አውርዳው ነበር። ብዙ ሰው እንደዚህ ሲያደርግ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ግን ብዥ ይላል

ፎርኬ ሞኒተር ወደ ጎን 3840፣ ወደ ታች 2160 ነጥብ አለው። ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ ተሠርተው ያለቁ ናቸው፤ ሴቲንግ ስለነካን ቁጥራቸው አይቀየርም። 2560 በ1440 ስትመርጡ እያንዳንዱ የምስል ነጥብ አንድ ተኩል የስክሪን ነጥብ መሸፈን አለበት። ግማሽ ነጥብ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሞኒተሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ (ኮምፒዩተሩ ውስጥ ምስሉን የሚስለው ክፍል) ጎን ለጎን ያሉትን ቀለሞች እየቀላቀለ ይሞላዋል። የጥቁሩ ፊደል ጠርዝ ግራጫ ይሆናል። ብዥታው እሱ ነው።

አማርኛ ለሚያነብ ሰው ችግሩ ይብሳል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ቀኝ እግሩ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት፤ የአንዱ መሀል ላይ፣ የሌላው ታች። ጭረቷ ከደበዘዘች ፊደሉን ከዓረፍተ ነገሩ መገመት ነው የቀረው። አራሚ ደግሞ መገመት የለባትም፤ የምትፈልገው ስህተት እዚያችው ጭረት ላይ ነው ያለው።

መፍትሄው ሪዞሉሽኑን ወደ ቦታው መልሶ ስኬሉን፣ ማለትም ዊንዶውስ ፊደልና አይከን የሚያጎላበትን መጠን፣ መጨመር ነው። ዊንዶውስ ላይ ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ግቡ። ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን ከሚለው ውስጥ ሪኮመንድድ የተባለውን፣ ማለትም 3840 በ2160ን ምረጡ። ከዚያ ስኬል የሚለውን 150 ፐርሰንት አድርጉት። ፊደሉ መጠኑ 2560 በ1440 ላይ ከነበረው ጋር እኩል ነው፤ አሁን ግን የሚሳለው በስክሪኑ ነጥቦች ሁሉ ነው። አሁንም ካነሰባችሁ 175 ወይም 200 ሞክሩ። ቀድመው የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለውጡን ላይቀበሉ ስለሚችሉ ሳይን አውት ብላችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር አደራ፦ ብዥታውን ለማጥፋት የሞኒተሩን ሻርፕነስ አትጨምሩ። ፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ ያመጣል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

«1080 እኮ ልክ ግማሹ ነው፤ እሱስ ለምን ብዥ ይላል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። 1920 በ1080 ላይ አንዱ የምስል ነጥብ አራት የስክሪን ነጥብ በትክክል ይሞላል። ሒሳቡ ንጹህ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሞኒተር ቁጥሩ ቢገጥምም ባይገጥምም ያንኑ ቀለም የመቀላቀል ዘዴ ነው የሚጠቀመው። ኢንቴል፣ ኤንቪዲያና ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢንቲጀር ስኬሊንግ የሚባል፣ ቀለም ሳይቀላቅል እያንዳንዱን ነጥብ በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያጎላ ምርጫ አምጥተዋል፤ ካርዳችሁ ከዚያ ወዲህ የመጣ ከሆነ የግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት። ብዥታው ይጠፋል፤ ፊደሉ ግን ጠርዙ እንደ ደረጃ ይሆናል። ለቆዩ ጌሞች ደስ ይላል፣ ለንባብ ግን አልመክረውም።

አንድ ፕሮግራም ብቻ ብዥ ካለ

ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ አንድ የቆየ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ብቻውን ከደበዘዘ ስኬል የማያውቅ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ በትንሹ ስሎት ከዚያ ይለጥጠዋል። አይከኑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ። ታች ያለውን ኦቨርራይድ ምልክት አድርጉና ሲስተም ኢንሃንስድ የሚለውን ሞክሩ። ካልሆነ አፕሊኬሽን የሚለው አለ፤ እሱ ጥርት ያደርገዋል፣ ፊደሉን ግን በጣም ሊያሳንሰው ይችላል።

3840 በ2160 ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ

ኮምፒዩተሩ በቅርቡ ፎርማት ተደርጎ ከነበረ መጀመሪያ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር፣ ጠርጥሩ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ የግራፊክስ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ጫኑት፤ ዝርዝሩ ይመጣል።

ድራይቨሩ ካለ ወደ ኬብሉና ወደሚሰካበት ቦታ ሂዱ። በመሀል የቪጂኤ (የድሮው የሞኒተር ኬብል ዓይነት) አዳፕተር ካለ ፎርኬን እርሱት።

ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ግን ስትመርጡት ማውሱ ይጎተታል? ያ 30 ኸርዝ ነው፤ ምስሉ በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ይታደሳል ማለት ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስል መሰኪያ 1.4 የተባለው ስሪት ፎርኬን ከ30 ኸርዝ በላይ በሙሉ ቀለም አያሳልፍም፤ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ያላቸው ደግሞ እሱን ነው። ለ60 ኸርዝ ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 ያስፈልጋል፤ ላፕቶፑም፣ ኬብሉም፣ ሞኒተሩም። ብዙ ሰው ኬብል ብቻ ቀይሮ ምንም ለውጥ ሲያጣ ይናደዳል። ላፕቶፑ ላይ ዲስፕሌይፖርት ወይም ምስል የሚያወጣ ታይፕ ሲ ካለ በእሱ ሞክሩ።

ጠርዙ ከተቆረጠ

ቴሌቪዥን እንደ ሞኒተር ስትጠቀሙ የሚመጣ ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ትንሽ ያጎላና ዳሩን ይቆርጣል። በሪሞቱ የምስል መጠን ሴቲንግ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ምረጡ፤ ስሙ እንደ ቴሌቪዥኑ ይለያያል።

ጌም ከከበደ

እዚህ ላይ መቀነስ ትክክለኛ ምክንያት አለው። ፎርኬ ከ8.2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው፤ 1080 ደግሞ ወደ ጎንም ወደ ታችም ግማሽ ስለሆነ በጠቅላላው ሩቡ። ደካማ ካርድ ይህን ሁሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ መሳል አይችልም። ግን የዊንዶውሱን ሪዞሉሽን አትንኩ። ጌሙ ውስጥ ሬንደር ስኬል የሚባል ካለ እሱን ወደ 70 ፐርሰንት አካባቢ አውርዱ። ብዙ ጌሞች ላይ ዓለሙ በትንሹ ይሳላል፤ ሜኑውና ጽሑፉ ግን እንደጠራ ይቆያል።