በደጋ ለሚሠሩ አሮጌ ፒክአፖች የነዳጅ ፍጆታን የመቀነሻ መንገድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩት የቶዮታ ሃይሉክስ፣ የሚትሱቢሺ ኤል 200 እና የአይሱዙ ፒክአፖች ዛሬም በሰሜን ሸዋ ብዙ ሥራ ይሠራሉ፤ ከእነዋሪና ከጅሁር ጤፍና ስንዴ፣ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ድንችና ገብስ ያመላልሳሉ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ በመነሣቱ፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ያለችውን መኪና በአግባቡ ይዞ በጥቂት ነዳጅ ማሠራት የባለንብረቱ ሁሉ ጉዳይ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ በዋነኛነት ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ለሌላቸው የናፍጣ ሞተሮች የተዘጋጀ ሲሆን፣ የቤንዚን መኪኖችን የሚመለከተው ወደ መጨረሻው በአጭሩ ተቀምጧል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የደጋው አየር ጠባይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። አሮጌው የናፍጣ ፖምፓ ግን ይህን አይለይም፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን እስከ ታች ሲረግጥ፣ ለቆላ አየር ተብሎ የተለካውን ናፍጣ እንዳለ ይሰጣል። ከፍታን እየለየ የናፍጣውን መጠን የሚቀንስ መሣሪያ የተገጠመላቸው ፖምፓዎች አሉ፤ መሣሪያው ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ አሁንም የሚሠራ መሆኑን ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሚቃጠልበት አየር ያጣ ናፍጣ ጥቁር ጢስ ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ብዙ ሰው ጢሱን የጉልበት ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጢስ ማየት ማለት ግን የተከፈለበት ናፍጣ ሳይሠራ ወጣ ማለት ነው።

ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ በሊትር ስንት እንደምትሄድ በወረቀት መስፈር አለበት፤ «ድሮ እንዲህ አትበላም ነበር» የሚለው ግምት ባለንብረቱንም መካኒኩንም ያሳስታል። ታንከሩን እስከ አፉ ይሙሉ፣ የኪሎሜትሩን ቁጥር ይጻፉ፣ ቢያንስ 300 ኪሎሜትር ከነዱ በኋላ በዚያው ማደያ፣ ከተቻለም በዚያው ማሽን፣ መኪናዋን በዚያው ደልዳላ ቦታ አቁመው እንደገና እስከዚያው ልክ ይሙሉ፤ የተነዳውን ኪሎሜትር በሁለተኛው ጊዜ በገባው ሊትር ሲያካፍሉት መልሱ ይገኛል። ክፍያው በስልክ የሚፈጸም ከሆነ ቀኑና የብሩ መጠን ከስልኩ ስለማይጠፋ መዝገቡን መያዝ ቀላል ነው። ኪሎሜትር መቁጠሪያው የቆመ ከሆነ ደግሞ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር ያህል መሆኑን ይዞ በደርሶ መልስ ማስላት ይቻላል። ከፋብሪካው ልክ የሚተልቅ ጎማ የገጠመ ሰው፣ መቁጠሪያው በእርግጥ ከተሄደው ያነሰ እንደሚያሳይ ያስብ። ደህና ይዞታ ላይ ያለች ባለ 2.4 ወይም ባለ 2.8 ሊትር ሞተር ሃይሉክስ፣ ጭነትና ዳገት ባልበዛበት አስፋልት በሊትር ከ9 እስከ 11 ኪሎሜትር፣ ባለ 4.2 ሊትሯ ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ደግሞ 7 ወይም 8 ኪሎሜትር ብትሄድ የሚጠበቅ ነው። የአዲስ አበባ መንገድና የሸዋ ሮቢት መንገድ ፈጽሞ ስለማይመሳሰሉ ውጤታቸው ለየብቻ ይመዝገብ።

ጥቁር ጢስ ሲታይ መጀመሪያ የሚከፈተው የአየር ፊልትሮው ቤት ነው። በመንዝ ወይም በመርሐቤቴ የጠጠር መንገድ የምትመላለስ መኪና በበጋ ወራት ፊልትሮዋ በጥቂት ቀናት በአቧራ ሊደፈን ይችላል፤ በሳሳው የደጋ አየር ላይ ይህ ሲታከልበት ሞተሩ ይታፈናል። የወረቀት ፊልትሮ የሚጸዳው ከውስጥ ወደ ውጭ በሚነፋ ለስላሳ አየር ነው። በጎሚስታው ኮምፕረሰር ሙሉ ግፊት ተጠግቶ መንፋት ወረቀቱን ይበሳዋል፤ በናፍጣ ወይም በቤንዚን ማጠብማ ከነጭራሹ አይገባም። ከጸዳ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በመሐሉ አብርተው ዙሪያውን ይመልከቱ። ብርሃኑ በሁሉም ጎን እኩል ከታየ ፊልትሮው ገና ይሠራል፤ በአንድ ጎን ከጨለመ ተደፍኗል፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ የጠራ የብርሃን ነጥብ ከታየ ግን ተበስቷልና ዛሬውኑ ይለወጥ፤ በዚያች ቀዳዳ የሚገባው አቧራ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይበላል። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ መሰንጠቅና አለመሰንጠቁም አብሮ ይታይ።

በአካባቢያችን ብዙ ነዳጅ እያስበላ እምብዛም የማይጠረጠረው የተነቀለ ቴርሞስታት ነው፤ ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፈት ትንሽ በር ነው። መኪናዋ አንድ ቀን ዳገት ላይ ውኃ ስታፈላ መካኒኩ ቴርሞስታቱን ይነቅለዋል፤ ማፍላቷ ይቆምና ሁሉም ሰው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በደብረ ብርሃን ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውኃውን በግፊት አፍኖ በመያዝ ይህን የመፍያ ሙቀት ከፍ ያደርገዋል፤ የክዳኑ ጎማ የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ከሆነ፣ ቆላ ላይ ምንም ሳይታወቃት የምትሠራው መኪና ደጋ ላይ ሞተሯ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታፈላለች። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ከመነቀሉ በፊት ትክክለኛው ግፊት የተጻፈበት አዲስ ክዳን ይገጠም፣ ራዲያተሩ ውስጡም ውጩም ይታጠብ፣ የማራገቢያው ቺንጋ መጥበቁ ይረጋገጥ።

ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ወደ 80 ዲግሪ አካባቢ መድረስ ያለበት ሙቀቱ ሳይሞላ ቀኑን ይውላል። ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣውን አሟልቶ አያቃጥልም፤ ዘይቱም ወፍሮ ስለሚቆይ ሞተሩ ራሱን ለማዞር ብቻ ጉልበት ያወጣል። ቴርሞስታቱ መኖሩን ለማወቅ ጠዋት ሞተሩ እንደተነሣ፣ እጅንና ልብስን ከማራገቢያው አርቀው፣ ወደ ራዲያተሩ የላይኛው ክፍል የሚሄደውን ወፍራም ጎማ ይዳስሱ። ቴርሞስታቱ የሚሠራ ከሆነ ጎማው ለበርካታ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በድንገት ይሞቃል፤ ከሞተሩ ጋር እኩል ከመጀመሪያው ለብ እያለ ከመጣ ግን ቴርሞስታቱ ወይ የለም፣ ወይ ተከፍቶ ቀርቷል። አዲስ የተገዛውን ደግሞ በድስት ውኃ ውስጥ በሽቦ አንጠልጥሎ በማሞቅ መሞከር ይቻላል። በላዩ የተቀረጸው ቁጥር 82 ከሆነ ውኃው ሊፈላ ሲል መከፈት ይጀምራል፤ ቁጥሩ 88 ከሆነ ግን የእኛ ውኃ ከ90 ዲግሪ ብዙም ስለማያልፍ ጥቂት ብቻ ቢከፈት ብልሽት ነው ተብሎ አይጣል።

ጠዋት ጠዋት ሞተርን በሚኒሞ ለረጅም ጊዜ አስነሥቶ ማቆምም ልማድ ሆኗል። የናፍጣ ሞተር ያለ ሥራ ቆሞ በቀላሉ አይሞቅም፤ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ ዘይቱ ከተዳረሰ በኋላ፣ ጠቋሚው እስኪነሣ ድረስ በዝግታ እየነዱ ማሞቅ ይሻላል።

መኪናዋን ወደ ኋላ የሚይዟት ነገሮች ይህን ያህል ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፣ ግን በየተራ መታየት አለባቸው። ሜዳ ላይ ፍሬን ብዙም ሳይዙ ነድተው ሲቆሙ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል። በጭቃ የምትሠራ መኪና የእጅ ፍሬኗ ሽቦ ዝጎ ስለሚያዝ የኋላ ጎማዎቿን በክሪክ አንሥቶ በእጅ ማዞር ይጠቅማል። የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያላቸው ባለ አራት ጎማ ጉተታ ፒክአፖች፣ ጭቃው ካለፈ በኋላ መቆለፊያው ወደ «ፍሪ» ይመለስ፤ ካልተመለሰ የፊቱ ዲፈረንሻል ያለ ሥራ ሲዞር ይውላል። የጎማ ነፋስ ጠዋት ከመነሣት በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሞላ፤ ለባዶና ለጭነት የተጻፈው ልክ ይለያያል። የነዳጅ ክዳኗ ጠፍቶ በፌስታል የተደፈነች መኪና ከታየች፣ ከሁሉ በፊት ክዳን ይገዛላት። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በሚረጩት ኖዝሎች አናት ላይ ትርፍ ናፍጣ የሚመልሱት ቀጫጭን ጎማዎች በዕድሜ ይሰነጠቃሉ፤ አካባቢያቸው እርጥብ ሆኖ አቧራ ከያዘ ናፍጣ እያንጠባጠቡ ነውና ይለወጡ፤ ዋጋቸውም ትንሽ ነው።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር የሚወስደው ዳገት የአነዳድ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚታይበት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ እስከ ዋሻው መኪናዋ 1,800 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣለች። ከነጭነቷ 2,500 ኪሎ የምትመዝን ፒክአፕ፣ ክብደቷን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ፣ የአየርና የጎማ መቋቋም ሳይቆጠር፣ 4 ሊትር ያህል ናፍጣ ያስፈልጋታል፤ እያንዳንዱ 100 ኪሎ ትርፍ ዕቃ በዚሁ ዳገት 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጨምራል። በጋቢናው ጀርባ የተረሳ ብረት፣ አሸዋና የተበላሸ ጎማ ማውረድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዳገቱን ሲወጡ የኋላ መስታወቱን ይጠቀሙ፦ ጥቁር ጢስ ከታየ ጢሱ እስኪጠፋ ድረስ እግርዎን ከፔዳሉ ላይ ቀስ በቀስ ያንሡ። የሚጨሰው ናፍጣ ጉልበት አይሰጥም ነበርና ፍጥነቱ እምብዛም አይቀንስም። ጢሱን ለማጥፋት ብዙ መልቀቅ ካስፈለገ ሞተሩ ታፍኗል ማለት ነው፤ ማርሽ ይቀንሱ። እነዚህ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ደህና የሚጎትቱት በደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,400 ዙር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች በከባድ ማርሽ ማስጨነቅም፣ ከዚያ ብዙ በላይ ማስጮኽም ነዳጅ ያባክናል።

ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባ፣ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው እምነት በጥብቅ መታረም ያለበት ነው። ማርሽ ገብቶ ፔዳሉ ሲለቀቅ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ ፖምፓው ናፍጣ መስጠቱን ያቆማል፤ በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚኒሞውን ናፍጣ ይወስዳል። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሰው ምንም ሳይቆጥብ ሙሉውን ክብደት ለፍሬኑ ያሸክማል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ፓምፕ በሞተሩ የሚዞር ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪውም ይከብዳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱ።

በጫጫና በደብረ ብርሃን መካከል እንዳለው ባለ ሜዳማ መንገድ አስፋልት ላይ ፍጥነት ራሱ ወጪ ነው። የአየር መቋቋም በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲነዳ በ80 ከሚኖረው ከ50 ከመቶ በላይ ይጨምራል፤ ባዶ ፖርቶመጋላና የሚርገበገብ ሸራ ደግሞ በዚያ ላይ የራሳቸውን ያክላሉ።

ካርቡሬተር ያላቸው የቤንዚን ፒክአፖች በደጋ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይደባልቃሉ፤ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ከተገኘ ይህ ሆኗል። ዋናውን የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ በመጠኑ አነስ ባለ መለወጥና የእሳቱን ጊዜ ጥቂት ማስቀደም የካርቡሬተር ባለሙያ ሥራ ነው። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ቆላ የምትወርድ ከሆነ ግን ልኩ እንደገና ይታይ።

ፖምፓና ኖዝል መጨረሻ ላይ የሚነኩት ውድ ስለሆኑ ነው። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተስተካክሎ ጢሱና ፍጆታው ካልቀነሰ፣ ኖዝሎቹ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ይታዩ፤ ጤነኛ ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም ይረጫል፣ የተበላሸው ግን በክር ያፈሳል ወይም ከረጨ በኋላ ያንጠባጥባል። ፖምፓው ላይ የሙሉ ጭነት ናፍጣን የሚወስን በፋብሪካ የታሸገ ቡሎን አለ። «ጉልበት ይጨምርላታል» ተብሎ በጋራዥ ደጃፍ በመፍቻ መጠምዘዙ በእኛ ከፍታ የሚጨምረው ጢስን ብቻ ነው፤ እንዲያውም ሥራዋ በሙሉ ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ የሆነች መኪና በጥቂቱ እንዲቀነስላት ማድረግ ተገቢ ነው። ይህ ሲደረግ ቆላ ስትወርድ ጉልበቷ ትንሽ እንደሚያንስ ባለንብረቱ አውቆ ይቀበል። የታይሚንግ ቺንጋ ከተለወጠ በኋላ ፍጆታው ከጨመረና ጠዋት ነጭ ጢስ ከታየ፣ ፖምፓው ከሞተሩ ጋር ያለው የጊዜ ልክ ስለተዛባ በመለኪያ ሰዓት እንዲስተካከል ይጠይቁ፤ በጆሮና በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም። ፖምፓው ተስተካክሎ ሲመለስም፣ ማሽኑ ላይ በእያንዳንዱ መውጫ የተለካው የናፍጣ መጠን በወረቀት ተጽፎ እንዲሰጥዎ፣ ቡሎኑም እንደገና እንዲታሸግ ያድርጉ፤ ወረቀቱ ከፍጆታ መዝገቡ ጋር ይቀመጥ።