መሣሪያው ገብቶ ትምህርቱ እንዳይቀር፦ በወሎ መማሪያ ክፍሎች ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወሎን ባዳረሰበት ወቅት በርካታ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተራቸውን፣ የቤተ ሙከራ ዕቃቸውን፣ አንዳንዶቹም የተማሪ መቀመጫ ሳይቀር አጥተዋል። የጠፋውን ለመተካት በሚደረገው ጥረት ውስጥ ግን «ምን እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ «ምን እናስተምርበት?» ከሚለው ቀድሞ ሲነሣ ይታያል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ስህተቶች አብዛኞቹ የዚህ መቀዳደም ውጤቶች ናቸው።

ዕቃውን ከትምህርቱ ማስቀደም

ፕሮጀክተር ወይም ታብሌት ከመጠየቁ በፊት የትምህርት ክፍሉ መምህራን ተሰብስበው ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ የሚሰናከሉባቸውን ርእሶች ለይተው ሊጽፉ ይገባል። የሕዋስ ክፍፍልን ወይም የደም ዝውውርን ደረጃ በደረጃ በሚንቀሳቀስ ምስል ማሳየት ጥቁር ሰሌዳ የማይችለው ሥራ ስለሆነ ለፕሮጀክተር የወጣው ገንዘብ ዋጋውን ያገኛል። በአንጻሩ የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንሥቶ በግድግዳ ላይ ማብራት ተማሪው በእጁ የያዘውን ነገር መልሶ ከማሳየት የሚያልፍ ጥቅም የለውም።

መምህሩን የስክሪን ጠባቂ ማድረግ

ይህ ስህተት በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና ተማሪው በአጭሩ «ፕላዝማ» ይለው የነበረው ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋና በተወሰነለት ሰዓት ይሠራጭ ነበር። ለመምህሩ የሚተርፋቸው በክፍለ ጊዜው መነሻና መድረሻ ላይ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነበር። መሃል ላይ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይጠብቀውም፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት በዚያው አለፈ ማለት ነበር። ሥርጭቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያልነበራቸውን የቤተ ሙከራ ምስል በማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ጉድለቱ ማንም በመሃል ሊያቆመው አለመቻሉ ነው። የሚገርመው ዛሬ ቪዲዮው በፍላሽ ወይም በስልክ ተይዞ፣ እንደልብ ማቆምም ወደኋላ መመለስም እየተቻለ፣ በርካታ ክፍሎች ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለማቋረጥ መለቀቁ ነው።

ቪዲዮ ከማየት ይልቅ ቪዲዮ መቅረጽ ምን ያህል እንደሚያስተምር በአንድ የፊዚክስ ርእስ ማሳየት ይቻላል። መምህሩ በግድግዳው ላይ ከላይ ወደታች በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ፤ አንድ ተማሪ ጠጠሩን ከዜሮው ምልክት ይለቅቃል፤ ሌላዋ ስልኩን በዴስክ ላይ አስደግፋ ትቀርጻለች። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ ጠጠሩ በእኩል ጊዜ እኩል ርቀት ይወርድ እንደሆነና እንዳልሆነ ግምቱን በደብተሩ ይጽፋል፤ ትምህርቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ግምቱን ያልጻፈ ተማሪ ውጤቱን ሲያይ «አውቄው ነበር» ብሎ ያልፋል። አብዛኛው ተራ ስልክ በሰኮንድ 30 ምስል ይቀርጻል። ቪዲዮው ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ቪ.ኤል.ሲ በተባለው ነጻ ማጫወቻ ሲከፈት የ«ኢ» ቁልፍ በተነካ ቁጥር አንድ ምስል ብቻ ይራመዳል፤ በዚህ መንገድ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቆጥራሉ። ከተለቀቀበት ምስል በኋላ ሲቆጠር፣ በ5ኛው ምስል ላይ ጠጠሩ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር፣ በ10ኛው ወደ 54፣ በ15ኛው ወደ 122 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጊዜው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ እጥፍ መሆኑን ተማሪው በሰሌዳ ላይ ከተጻፈ ቀመር ሳይሆን ከራሱ ቆጠራ ያገኘዋል። ቁጥሩ ትንሽ ሲዛነፍም ስህተቱ ከየት እንደመጣ መከራከር ይጀምራሉ፤ ስልኩ ዘንበል ብሎ ነበር ወይስ ጠጠሩ ሲለቀቅ ተገፍቶ ነበር? ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ጠመኔ ነው።

ፈጠራን ለሥዕልና ለክበብ መተው

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ መግባቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ «ፈጠራ» ሲባል የዚያ መምህር ወይም የሚኒ ሚዲያ ክበብ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ከተወሰደ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ታሪኩም በቃል ጥናት እንደተያዙ ይቀራሉ።

ለወሎ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዋድላ የቅኔ ቤት ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የትምህርት ማዕከል ነው። ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ከጉባኤ ቃና የሚጀምረው የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ መልሶ ቢያቀርብ ተቀባይነት አያገኝም፤ ብቻውን ገለል ብሎ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይፈጥራል፤ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ሰዋስውንም ምሥጢሩንም ያርሙለታል። በመንዙማውም በኩል ግጥም፣ ዜማና ትምህርት ሳይነጣጠሉ ኖረዋል። በእነዚህ ቤቶች ፈጠራ ከዕውቀት በኋላ የሚመጣ ጌጥ ሳይሆን ዕውቀቱ የሚፈተንበት መንገድ ነው። ዘመናዊው ክፍል ከዚህ ሊወርሰው የሚገባው በየጊዜው አዲስ ነገር ሠርቶ የማቅረቡንና ወዲያው የመታረሙን ሥርዓት ነው።

ይህ በስታትስቲክስ ትምህርት ላይ ቢተረጎም ለምሳሌ የባቲ ተማሪዎች በመጽሐፉ ያለውን ሠንጠረዥ ከመገልበጥ ይልቅ በተከታታይ ሰኞዎች ገበያ ወጥተው የጤፍ፣ የማሽላና የፍየል ዋጋ ይመዘግባሉ፤ አማካዩንና መዋዠቁን አስልተው በኮምፒውተር ግራፍ ይሠራሉ፤ ዋጋው ለምን እንደተለወጠም ነጋዴውንና ገበሬውን ጠይቀው በሚኒ ሚዲያው ያቀርባሉ። እንደ እኔ እምነት ሠንጠረዡን ራሱ የሠራ ተማሪ «አማካይ» የሚለውን ቃል ፈተና ካለፈ በኋላም አይረሳውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ወይ መከልከል ወይ መልቀቅ

ለተጠየቀው ሁሉ በጽሑፍ መልስ የሚሰጠው ቻት ጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የቤት ሥራ መልስ በስልክ ማግኘት ቀላል ሆኗል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ስልክ በር ላይ በመሰብሰብ ችግሩን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ተማሪው ግን የቤት ሥራውን የሚሠራው ቤቱ ነው። ሌላው ደግሞ ዘመኑ ነው ብሎ የተገለበጠውን ጽሑፍ በዝምታ ያርማል። ሁለቱም ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ግን፣ በእኔ ግምት፣ የከፋ ጉዳት አለው፣ ምክንያቱም ተማሪው መምህሩ እንደማያነቡ ይማርበታል።

መፍትሔው ያለው የቤት ሥራውን በመለወጥ ላይ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ከበርካታ ጽሑፎች በቀሰሙት ልማድ ቀጣዩን ቃል እየገመቱ የሚጽፉ በመሆናቸው የማያውቁትንም ነገር በሚያውቁት ቃና ይናገራሉ፤ በድረ ገጽ ብዙም ስላልተጻፈባቸው አካባቢዎች ሲጠየቁ ደግሞ ስህተታቸው ይበዛል። የታሪክ መምህሩ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ማሽኑ የጻፈውን አንድ ገጽ ለክፍሉ አቅርበው ተማሪዎቹ ከመጽሐፍና አካባቢውን ከሚያውቁ አባቶች ጋር እያመሳከሩ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ስላስፋፉት ትምህርት የተነገረውን ትክክልና ስህተት እንዲለዩ ቢያደርጉ ያው መኮረጃ የተባለው መሣሪያ የምርመራ ትምህርት ይሆናል።

ፒ.ዲ.ኤፍ መላክን እንደማስተማር መቁጠር

የቴሌግራም ግሩፕ መጽሐፍ ላልደረሰው ተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም 80 ገጽ ማስታወሻ ልኮ «አንብቡ» ማለት ማስተማር አይደለም። በፋይሉ ፋንታ ሦስት ገጽና ሁለት ጥያቄ ልኮ በማግሥቱ መልሱን በክፍል መጠየቅ የበለጠ ያስተምራል።

ስልክ የሌለውንና ቋንቋው የተለየውን መርሳት

ሁሉም ልጅ ስልክ አለው ብሎ ማቀድ የገጠሩን ተማሪ፣ ከእርሱም በላይ ከትምህርት በኋላ ውኃና እንጨት የሚጠብቃትን ልጃገረድ ከወዲሁ ያገልላል። አንድ የመምህር ስልክ ለመላው ክፍል የሚበቃበት መንገድ አለ። ፕሊከርስ በተባለው ዘዴ ተማሪዎቹ የታተመ ወረቀት ይዘው መልሳቸውን የሚወክለውን ጎን ወደላይ አድርገው ያነሡታል፤ መምህሩም በስልካቸው ካሜራ ክፍሉን ቃኝተው ማን ምን እንደመለሰ ያያሉ። እንዲህ ሲሆን ዝምተኛዋም ተማሪ ፊት ሳትወጣ መልሷ ይታያል። ዘዴው ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ኔትወርክ በሌለበት አራት ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ማስነሣት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቋንቋውም ሊታሰብበት ይገባል። በአብዛኛው ወሎ ተማሪው በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ሲማር ቆይቶ በላይኞቹ ክፍሎች ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ከኢንተርኔት የወረደ የእንግሊዝኛ ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቶ መምህሩ በተማሪው ቋንቋ ቢያብራሩበት ተመሳሳዩ ምስል ብዙ ይጠቅማል።

ኮምፒውተሩን መቆለፍ፣ መብራቱን አለማሰብ

እንዳይበላሽ ተብሎ በፕላስቲክ ተሸፍኖና በቁልፍ ተይዞ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ሳይሠራ ያረጃል። ንብረት ክፍሉ ብቻውን ቁልፍ የሚይዝበት አሠራር ተለውጦ ኃላፊነቱ በፈረቃ ለመምህራን ሊሰጥ ይገባል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ከዴስክቶፕ ይልቅ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይመረጣል። ኔትወርክ ለማይደርስበት ትምህርት ቤት ደግሞ ኮሊብሪን የመሰለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነጻ የትምህርት ማከማቻ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በውስጥ ዋይፋይ ለክፍሉ ሊዳረስ ይችላል።

አሠራሩን ቀይሮ ምዘናውን እንደነበረ መተው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠቱ ተማሪውን ከኪቦርድና ከማውስ ጋር አስቀድሞ ማስተዋወቅን ግድ አድርጎታል። የክፍሉ ተከታታይ ምዘና ግን ከምርጫ ጥያቄ አልወጣም። ገበያ ወጥቶ ዋጋ የመዘገበው፣ የማሽኑን ስህተት ያወጣው ተማሪ ድካሙ ነጥብ ካላስገኘለት በሚቀጥለው ሴሚስተር አይደክምም፤ ወላጁም «ጨዋታ ላይ ናቸው» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ መምህሩ ሥራውን ሲሰጡ ግምቱ፣ ምዝገባው፣ ስሌቱና ማብራሪያው እያንዳንዳቸው ስንት ነጥብ እንደሚይዙ በሰሌዳ ጽፈው ሊጀምሩ ይገባል። ግምቱም ስህተት ቢሆን እንኳ ምክንያት እስከተጻፈለት ድረስ ሙሉ ነጥቡን ሊያገኝ ይገባል።