የተጎዳ ንብረት ካሳና የግብር ወረቀቱ፦ ችግርና መፍትሄ

በለገጣፎ፣ በገላንና በፉሪ በኩል የመንገድና የሕንፃ ሥራ አይቋረጥም። ገልባጭ መኪና ደጅ የቆመ መኪና ይገጫል፣ ድርጅቱም ካሳ ለመክፈል ይስማማል። ሰው የሚንገላታው ጉዳዩ ፋይናንስ ክፍል ሲደርስ ነው።

ገንዘቡ ተቆርጦ ገባ
ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የክፍያ ማዘዣው ላይ «ግዢ» ወይም «አገልግሎት» ተብሎ መጻፉ ነው። ዊዝሆልዲንግ (ከፋዩ ከክፍያው ላይ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) የሚቆረጠው ከዕቃና ከአገልግሎት ግዢ ላይ ነው፤ የተጨረመተ በር ማስጠገኛ የተቀበለ ሰው ግን የሸጠው ነገር የለም። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ማዘዣውን ያንብቡ። «ለደረሰ የንብረት ጉዳት ካሳ» ይበል፤ የስምምነቱ ቀንና የሰሌዳ ቁጥሩም ይጠቀስ። አንዴ ከተቆረጠ እንዲታረም በማመልከቻ ይጠይቁ፣ ኮፒው ላይም መቀበላቸውን ያስፈርሙ። እምቢ ካሉ የተቆረጠበትን ደረሰኝ በስምዎና በቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥርዎ ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ያለሱ ለግብር መሥሪያ ቤት የሚያሳዩት ማስረጃ አይኖርዎትም።

«የቫት ደረሰኝ አምጣ» አሉ
ከፋዩ ወጪውን በማስረጃ ማሳየት ስላለበት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የጠየቀው ወረቀት ግን ልክ አይደለም፤ ነጋዴ ያልሆነ ሰው የቫት ደረሰኝ አይቆርጥም። ከሚያውቁት ባለሱቅ ደረሰኝ ማስቆረጥን በፍጹም እንዳይሞክሩ፤ ያልተፈጸመ ሽያጭ ደረሰኝ ሁለታችሁንም በወንጀል ያስጠይቃል። ከሁሉ የሚሻለው ድርጅቱ ለጋራዡ በቀጥታ ከፍሎ ደረሰኙን በራሱ ስም መውሰዱ ነው። ካልሆነ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን፣ የጋራዡን የዋጋ ማቅረቢያና ምስክሮች የፈረሙበትን ስምምነት አያይዘው በባንክ ይቀበሉ።

ቲን ቁጥር ተጠየቁ
ደመወዝተኛ ከሆኑ ቀድሞ በመሥሪያ ቤትዎ በኩል የወጣልዎ ሊኖር ይችላል። ለአንድ ሰው አንድ ቲን ነውና ሌላ አያውጡ።

ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው
ባለቤቱ ይፈርም፤ አለዚያ ካሳ መቀበልን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና ያቅርቡ።

አካልዎም ተጎድቷል፣ ክፍያው ግን በአንድ ድምር መጣ
የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለአካል ጉዳትና ለሞት የሚከፈል ካሳን ከግብር ነፃ ያደርጋል። የንብረት ካሳ በዚያ አንቀጽ ውስጥ የለም። በስምምነቱ ላይ ሁለቱን በየራሳቸው መጠን ለያይተው ያጽፉ።

የተበላሸው የሱቅ ዕቃ ነው
እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። ካሳውን የሂሳብ መዝገብዎ ላይ ያስገቡ፤ በካሳ የተተካ ኪሳራ ደግሞ ከግብር ተቀናሽ ወጪ አይሆንም።