የጦር ዘርፍ ቀይሮ አብራሪ ለመሆን

በአሜሪካ ጦር ውስጥ እያገለገላችሁ ልባችሁ ግን ማብረር ላይ ከሆነ፣ ያላችሁበት ዘርፍ አያስቀራችሁም። መርከብ ላይ ሞተር ሲጠግን የኖረ የባሕር ኃይል ባልደረባ የምድር ጦር ሄሊኮፕተር ሊያበር ይችላል። መንገዱ ግን ወረቀት ይበዛዋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ብዙ ወራት ይባክናሉ።

1. ምን ማብረር እንደምትፈልጉ ወስኑ

ጄት ከሆነ ወደ አየር ኃይል፣ ባሕር ኃይል ወይም ማሪን ነው። እዚያ አብራሪ ለመሆን መኮንን መሆን፣ ለመኮንንነት ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ዲግሪ ለሌለው ሰው የምድር ጦር በር ክፍት ነው። በዋራንት ኦፊሰርነት (ከተራ ወታደር በላይ፣ ከመኮንን በታች ባለ የሙያ ማዕረግ) ገብቶ ብላክ ሆክ፣ አፓቼ ወይም ቺኑክ የተባሉትን ሄሊኮፕተሮች ለማብረር የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ይበቃል። ይህን መንገድ ዝቅ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። መኮንን ማዕረጉ ባደገ ቁጥር ወደ ቢሮ ይሳባል፤ የዋራንት ኦፊሰሩ ዋና ሥራ ግን ማብረር ነው።

በሁለቱም መንገድ የአሜሪካ ዜግነት ግድ ነው። በግሪን ካርድ ተራ ወታደር መሆን ቢቻልም ለዚህ አይበቃም። የዕድሜ ጣሪያውም ሠላሳዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ጊዜ አትግደሉ።

2. ሕክምናውን አስቀድሙ

ብዙ ሰው ይህን ወደ መጨረሻ ይገፋዋል፣ ከዚያ ልፋቱ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። መነጽር ብቻውን ከውድድር አያስወጣም። ቀለም መለየት አለመቻል ግን ከባድ እንቅፋት ነው። የዓይን ቀዶ ሕክምና ካሰባችሁ፣ ሳታስፈቅዱ እንዳትሠሩ። የሚፈቀደው የሕክምና ዓይነትና ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ጊዜ የራሱ ደንብ አለው።

3. ፈተናውን ተዘጋጅታችሁ ግቡ

የምድር ጦሩ ፈተና ሲፍት ይባላል። ማለፊያው 40 ነው። አንዴ ካለፋችሁ ውጤት ለማሻሻል ብላችሁ መድገም አትችሉም፤ ስለዚህ “እስቲ ልሞክረው” ተብሎ የሚገባበት አይደለም። ኤኤስቲቢ የሚባለውን የባሕር ኃይልና የማሪን ፈተና በዕድሜ ልክ 3 ጊዜ ብቻ መፈተን ይቻላል። አየር ኃይል ደግሞ የጽሑፍ ፈተናውን፣ በኮምፒውተር የሚለካውን የእጅና የዓይን ቅንጅትና በግል የበረራችሁትን ሰዓት ደምሮ ከ1 እስከ 99 ነጥብ ይሰጣል። ጥቂት ሰዓት በግል መብረር እዚህ ላይ ይጠቅማል።

4. የመልቀቂያ ፈቃድ ጠይቁ

ከሁሉም ከባዱ ደረጃ ይሄ ነው። ዲዲ 368 የሚባለው ቅጽ አሁን ያላችሁበት ዘርፍ “ሌላው ከተቀበለው እንለቀዋለን” ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። በሙያችሁ የሰው እጥረት ካለ ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄውን ውላችሁ ወደሚያልቅበት ጊዜ አቅርቡት። አለቆቻችሁም ነገሩን ከወረቀቱ ሳይሆን ከእናንተ አፍ ይስሙት፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ እነሱ ናቸው። ፈቃዱ ማብቂያ ቀን ስላለው አመልካቾችን የሚመርጠው ቦርድ ከሚሰበሰብበት ቀን ጋር አገናዝቡት።

እባካችሁ፣ መመረጣችሁ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ አሁን ያላችሁበትን እንዳትለቁ። ደመወዙም የቤተሰብ ሕክምናውም አብሮ ይቋረጣል።

5. ከመፈረማችሁ በፊት

በአየር ኃይልና በምድር ጦር የአብራሪ የአገልግሎት ግዴታ 10 ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ነው እንጂ ከፈረማችሁበት ቀን አይደለም። ባለትዳር ከሆናችሁ ይህን ቁጥር ከትዳር አጋራችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።