ብርድ ተራራ ላይ እባብ ሲያጋጥም

ብርድ እባብን ያደነዝዘዋል እንጂ ከተራራ አያባርረውም። በሂማላያ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚኖር እፉኝት አለ። አስቸጋሪውም መደንዘዙ ነው፤ ሙቀት ያገኘ እባብ ኮቴ ሲሰማው ብዙውን ጊዜ ሹልክ ይላል፣ የበረደው ግን እስኪረግጡት ድረስ ከተኛበት ላይነሳ ይችላል። መንደፍ ግን አያቅተውም።

ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ማለት ስትጀምር ነው። ፀሐይ የሚመታውን ተዳፋት፣ ጠፍጣፋ ድንጋዩንና የመንገዱን ዳር አስተውሉ። እፉኝት ሲሞቅ ጎኑን ጠፍጥፎ ስለሚጠመጠም ከሩቅ የደረቀ ኩበት ሊመስል ይችላል። የወደቀ ግንድ ካጋጠማችሁ ዘላችሁ አትሻገሩት፤ መጀመሪያ ላዩ ላይ ቁሙና ማዶውን እዩ። ቋጥኝ ስትወጡ ደግሞ ዓይናችሁ ያላየው ቦታ እጃችሁን አትስደዱ። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ቦት ጫማና ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪ ይበጃል።

ካያችሁት ቁሙ፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ በማለት ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ። መንገድ ከዘጋ ዙሩት ወይም ጠብቁት። በዱላ መነካካት ብዙ ሰው ያስነድፋል። የሞተ የመሰለውንም አትንኩ፤ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ሊነክስ ይችላል።

ሰው ከተነደፈ በመጀመሪያ ከእባቡ አርቁት። እብጠቱ ሳይጀምር ቀለበት፣ ሰዓትና ጠባብ ጫማ አውልቁለት። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ የተሰበረ እንደሆነ ሁሉ በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩ፤ ማሰሪያው ደም እንዳያግድ ግን ላላ ይበል። ጥብቅ አድርጎ ማሰር መርዙን አያጠፋውም፣ እግሩን ግን ሊያሳጣ ይችላል። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በረዶ ማድረግ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ሁሉም ጊዜ ያባክናሉ። ለሕመሙ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ የእፉኝት መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ መድማቱን ያባብሳሉ። የእብጠቱን ጫፍ በእስክሪብቶ አስምሩና ሰዓቱን አጠገቡ ጻፉ፤ ሐኪሙ ፍጥነቱን የሚያውቀው በዚህ ነው።

ተራራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው መሬቱ ነው። አትንቀሳቀስ የተባለ ሰው ቶሎ ይበርደዋልና ከላዩ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም አንጥፉለት። በቃሬዛ ወይም በከብት አውርዱት። ብቻውን ያለ ሰው እርዳታ መጥራት ካልቻለ፣ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ እያረፈ ቀስ ብሎ መውረዱ ይሻለዋል። እብጠት ባይታይም ሐኪም ቤት መሄድ አይቀርም፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።