ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ፦ አክስቴ የደወለችባቸው ችግሮች

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። የአክስቴ አሮጌ ላፕቶፕ 11ን አልቀበልም ስላለ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያስኬደውን ነፃ ሥርዓት፣ ኡቡንቱን ጫንኩላት። በማግስቱ ስልኬ ማረፊያ አጣ።

ያወረዱት ፕሮግራም አልከፈት አለ?
የፋይሉ ስም በኢኤክስኢ (.exe) የሚያልቅ ከሆነ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ማውረዱን ይተዉና «አፕ ሴንተር» በሚባለው የኡቡንቱ የፕሮግራም ማከማቻ ውስጥ ይፈልጉ። ቪኤልሲም ቴሌግራምም እዚያ አሉ። በዎርድ ፈንታ ሊብሬኦፊስ ራይተርን ይጠቀሙ።

ሲ እና ዲ ጠፉ?
አልጠፉም፤ ኡቡንቱ ዲስክን በፊደል አይጠራም። «ፋይልስ»ን ሲከፍቱ ፍላሽዎ በግራ በኩል በስሙ ተቀምጧል።

አማርኛ መጻፍ አቃተዎት?
አክስቴን ያስለቀሳት ይሄ ነው። ዊንዶውስ ላይ የለመዱት የግዕዝ መጻፊያ እዚህ አይሠራም። አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን መጫን ያስፈልጋል። ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲን አንድ ላይ ተጭነው ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናልን ይክፈቱ፤ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ብለው የጥቅሉን ስም በላቲን ፊደል ያስከትሉ (sudo apt install ibus-m17n)። ፓስዎርድ ሲጠይቅ የሚጽፉት አይታይም፤ ኮከብ እንኳ ላይመጣ ይችላል። «ኪቦርዱ ሞተ» ብላ የደወለችው ለዚህ ነበር። ዝም ብለው ጽፈው ኢንተር ይበሉ።

ሲያልቅ ከአካውንትዎ ወጥተው ይመለሱ። ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ ላይ፣ አማርኛ ከሚሉት መካከል «ሴራ» (sera) የሚለውን ይጨምሩ። ቋንቋ የሚቀየረው የዊንዶውስ ምልክት ባለበት ቁልፍና በስፔስ ነው። ኤስ ሲጫኑ «ስ» ይመጣል፤ ኢ (e) ሲያስከትሉ «ሰ» ይሆናል። «ጠ» ትልቁን ቲ ይፈልጋል፣ «ሸ» ደግሞ ኤክስን። ሁለት ቀን ያናድዳል፣ ከዚያ እጅ ይለምደዋል።

የድሮ ሰነድ ተዘበራረቀ?
ሁለት ዓይነት ነው። ፊደሉ አማርኛ ሆኖ ገጹ ብቻ ከተዛነፈ፣ ኒያላ የተባለው የዊንዶውስ ፎንት ስለሌለ ነው። ሁሉንም መርጠው ወደ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይቀይሩት። አማርኛው የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ከመጣ ግን የተጻፈው ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን ሁሉ ኮምፒውተሮች በአንድ ዓይነት የሚያነቡበት መለያ) ባልሆነ አሮጌ ፎንት ነው። ፎንት በመቀየር አይድንም፤ ያ ፎንት ባለበት ዊንዶውስ ላይ ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ይሻላል። ለማንበብ ብቻ ከሆነ እዚያው ፒዲኤፍ አድርገው ያምጡት።